የዊንድሰር ግንብ እና ከግድግዳው ሥር ያለው ልጅ

ከለንደን ወደ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ዊንድሰር የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። ከባቡር ስትወርዱ ግንቡ የት ነው ብላችሁ ሰው መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ቀና ማለት ይበቃል። ከወንዙ 30 ሜትር ያህል ከፍ ያለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየ ተቀምጧል። ከተጀመረ 950 ዓመት አልፎታል። ዛሬም የእንግሊዝ ንጉሥ ቤት ነው። በዚያው ላይ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቲኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል።

አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው የነገሥታቱን አዳራሽ፣ ጦርና ጋሻውን፣ የንግሥት ኤልሳቤጥን መቃብር ለማየት ነው። ለኛ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ግቢው ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ፣ ከምድር በታች፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ተቀብሯል። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከተነሳ ቆይቷል። በ2023 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ ባጭሩ “ይከብዳል” የሚል ነበር። የልጁን አጽም ለማውጣት ሲባል በአቅራቢያው ያሉ ብዙ ሙታንን ሳይነካኩ መሥራት የሚቻል አይመስልም አሉ።

ይህ መልስ ያሳመናቸው አሉ፣ ያበሳጫቸውም አሉ። እኔ ግን መልሱን ለመመዘን መጀመሪያ የግንቡን ታሪክ ማወቅ ይገባል ባይ ነኝ። ዊንድሰር ውስጥ ምን ሲፈርስ፣ ምን ሲቆፈር፣ ማን ሲቀበርና ማን ከመቃብሩ ሲወጣ እንደኖረ ካየን፣ “ይከብዳል” የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ይገባናል። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በኛ አቆጣጠር ስጽፍ እናገራለሁ።)

ታሪኩ የሚጀምረው በወረራ ነው። የኖርማንዲው ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። አገሬው አልወደደውም። አገር ይዞ ያልተወደደ ገዢ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ምሽግ ነው። ስለዚህ ለንደንን የሚከብቡ ምሽጎች አሠራ። እያንዳንዱ ከለንደን የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል ይርቃል። አንዱ ላይ ችግር ቢነሳ ከሌላው ጦር ቶሎ እንዲደርስ ነው። ዊንድሰር ከነዚህ አንዱ ሆኖ በ1070 አካባቢ ተጀመረ።

አሠራሩ የሚገርም ቅለት አለው። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል። ከቦዩ የወጣው አፈርና የኖራ ድንጋይ መሃል ላይ ይከመራል። ክምሩ ትልቅ ጉብታ ይሆናል። ጉብታው አናት ላይ የእንጨት ማማ ይተከላል። ከጉብታው ግርጌ በሁለት በኩል በእንጨት የታጠረ ግቢ ይዘረጋል። በቃ፣ ምሽግ ተሠራ ማለት ነው። የዊንድሰር ጉብታ ዛሬም እንዳለ አለ። ቦዩ አሁን አበባ ተተክሎበት የአትክልት ቦታ ሆኗል።

እኛ አገር አምባውን እግዜር ሠርቶ ነው የሰጠን። ገደሉ ራሱ አጥር ነው፣ መውጫው አንድ ወይ ሁለት በር ነው። መቅደላም፣ ግሸንም፣ አምባ ግሸን ላይ የታሰሩት መሳፍንትም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። እነሱ ደግሞ ገደል ሲያንሳቸው በአካፋ ሠሩት። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ የሚመጣውን ከሩቅ ማየት።

መጀመሪያ ላይ ነገሥታቱ አይኖሩበትም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ በ1110 አካባቢ ቤቱ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ የልጅ ልጁ ሄንሪ ዳግማዊ ከ1165 ጀምሮ እንጨቱን በድንጋይ ተካው። ጉብታው ላይ ያለው፣ ዛሬ በየፖስት ካርዱ የምናየው ክብ ማማ ያኔ ነው የተመሠረተው። ስሙ ክብ ይባል እንጂ ክብነቱ ፍጹም አይደለም። የተቀመጠበት የአፈር ክምር ቅርጽ እንደፈቀደለት ነው የተሠራው።

ምሽግነቱ በእውነት የተፈተነው በንጉሥ ጆን ዘመን ነው። ጆን በ1215 ከዊንድሰር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ራኒሚድ ሜዳ ላይ ማግና ካርታ የተባለውን የመብት ሰነድ በማኅተሙ አጸደቀ። የዚያን ሰነድ ስም ያልሰማ የሕግ ተማሪ የለም። ቃሉን ግን ወዲያው አጠፈ። መኳንንቱ አመፁ፤ በ1216 ዊንድሰርን ከበው ለወራት ደበደቡት። ግድግዳው ክፉኛ ተጎዳ፤ ግንቡ ግን አልተያዘም።

ከዚያ በኋላ ግንቡን ወደ ቤተ መንግሥትነት የቀየረው ኤድዋርድ ሣልሳዊ ነው። እዚያው ዊንድሰር በ1312 ተወለደ። ለግንባታው 51 ሺህ ፓውንድ አወጣ። በዚያ ዘመን ይህ የትየለሌ ገንዘብ ነው። በመካከለኛው ዘመን አንድም የእንግሊዝ ንጉሥ ለአንድ ሕንጻ ይህን ያህል አላወጣም። በ1348 ደግሞ ጋርተር የተባለውን የፈረሰኞች ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ዛሬም የአገሪቱ ትልቁ የክብር ኒሻን ነው፤ ደብሩም ዊንድሰር ግቢ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ቅዱሱ ለኛም እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ብሪታንያን በጎበኙ ጊዜ የዚህ ማኅበር አባል ሆነዋል።

አሁን የቆመው ጸሎት ቤት ግን ከኤድዋርድ ሣልሳዊ በኋላ የመጣ ነው። ኤድዋርድ ራብዓይ በ1475 አስጀመረው፤ ሄንሪ ሳምናዊ በ1528 አስጨረሰው። 50 ዓመት አልፎ ነው ያለቀው። ውስጡ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ወዲያው አንገቱን አይመልስም። የድንጋዩ ጣሪያ ከምሰሶዎቹ አናት ላይ እንደ ማራገቢያ እየተዘረጋ፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይሄዳል። ድንጋይ መሆኑን ትረሳላችሁ።

ከወለሉ በታች ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ሄንሪ ሳምናዊ ከሦስተኛ ሚስቱ ከጄን ሲሞር ጋር እዚያ ተኝቷል። በ1649 በአገሩ ፓርላማ ተፈርዶበት አንገቱ የተቀላው ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊም እዚያው ጓዳ ውስጥ ተጨመረ። እንግዲህ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

በ1813 ለአዲስ የንጉሣውያን መቃብር መተላለፊያ የሚቆፍሩ ሠራተኞች በስሕተት የሄንሪ ሳምናዊን ጓዳ ግድግዳ በሱት። ውስጡ የማን እንደሆነ በእርግጥ የማይታወቅ አንድ የሬሳ ሣጥን ታየ። የቻርልስ ይሆን? ዝም ብለው አልደፈኑትም። ሚያዝያ 1 ቀን አልጋ ወራሹ ባለበት ሣጥኑ ተከፈተ። ሰር ሄንሪ ሃልፎርድ የተባሉ የቤተ መንግሥት ሐኪም መረመሩት። ፊቱ ገና ይለይ ነበር፤ አንገቱ የተቆረጠበት ቦታም በግልጽ ታየ። ማንነቱ ተረጋገጠ። ከዚያም ሣጥኑ ተዘጋ። ይሁን እንጂ ሐኪሙ የተቆረጠችውን የአንገት አጥንት ይዘው ሄዱ። አጥንቷ በቤተሰባቸው እጅ 75 ዓመት ቆየች። በ1888 ተመልሳ፣ ጓዳው እንደገና ተከፍቶ፣ ከባለቤቷ ጋር ተቀመጠች።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ዊንድሰር ውስጥ መቃብር የማይነካ ነገር ሆኖ እንደማያውቅ ስለሚያሳይ ነው። የሌሎቹንም ብትከታተሉ ያው ነው። ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ በ1952 ሞተው ንጉሣዊው ጓዳ ውስጥ ገቡ፤ በ1969 ለሳቸው አዲስ ትንሽ ጸሎት ቤት ተሠርቶ ወደዚያ ተዛወሩ። ልዑል ፊሊፕ በ2021 ጓዳው ውስጥ ተቀመጡ፤ በ2022 ባለቤታቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያርፉ ወጥተው ከሳቸው ጎን ተቀበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልዑል ፊሊፕ እናት ልዕልት አሊስ አሉ። በ1969 ሞተው ዊንድሰር ገቡ። የሳቸው ምኞት ግን ኢየሩሳሌም መቀበር ነበር። በ1988 ከዊንድሰር ወጥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ በምትገኘው የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አረፉ። 19 ዓመት ቢፈጅም የሟቿ ቃል ተከበረ።

ፍትሐዊ ለመሆን ልዩነቱን መናገር አለብኝ። የእነዚህ ሁሉ ሣጥን የነበረው ጓዳ ውስጥ ነው። ገብቶ ማንሳት ይቻላል። ዓለማየሁ ያለው ግን ከጸሎት ቤቱ ውጭ፣ ሌሎች ሰዎችም ባሉበት የመቃብር ዋሻ ውስጥ ነው። ሥራው አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን እቀበላለሁ።

ግን የዊንድሰር ሰዎች ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ እንይ።

ኅዳር 20 ቀን 1992 ጠዋት፣ በንግሥት ቪክቶሪያ የግል ጸሎት ክፍል ውስጥ አንድ መጋረጃ ከመብራት ጋር ተነካካ። መጋረጃው ያዘ። ከመጋረጃው ወደ ጣሪያው፣ ከጣሪያው ወደ ትልቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ። እሳቱ 15 ሰዓት ነደደ። 115 ክፍሎች ተቃጠሉ ወይም ተጎዱ፤ ከነሱ ውስጥ ዘጠኙ ዋናዎቹ የነገሥታት አዳራሾች ናቸው። ሠራተኛውና ወታደሩ ሰንሰለት ሠርቶ ሥዕሉን፣ ሰዓቱን፣ ምንጣፉን እየተቀባበለ ወደ ውጭ ያወጣ ነበር። ንግሥቲቱ በዝናብ ኮት ሆነው ፍርስራሹን የሚያዩበት ፎቶ ዓለምን ዞሯል።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ነበር። ማን ይክፈል? ሕዝቡ በግብር ለንግሥቲቱ ቤት አልከፍልም አለ። መፍትሔው ጎብኚ ሆነ። የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በሮች በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ዊንድሰር ግቢም መግቢያ ተጣለበት። ሥራው 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። 70 በመቶው ከቲኬት መጣ። አናጢው በጥንቱ አሠራር አዲስ የኦክ ጣሪያ ሠራ፤ ቀራጩ ጌጡን አንድ በአንድ መለሰ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ኅዳር 20 ቀን 1997 ተጠናቀቀ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሚቆም ሰው ካልነገሩት በስተቀር እሳት እንደነበር አያውቅም።

ከእሳቱ በፊትም ሌላ ጉድ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክብ ማማው መሰንጠቅ ጀመረ። 900 ዓመት የተቀመጠበት የአፈር ጉብታ እየሰመጠ ነበር። መሐንዲሶች ከሥሩ ገብተው ደገፉት። ይኸው ማማ ደግሞ ቁመቱ ራሱ የመካከለኛው ዘመን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ጆርጅ ራብዓይ አርክቴክቱን ዋያትቪልን አዝዞ ዘጠኝ ሜትር ያህል ከፍ አስደርጎታል፤ ከሩቅ ሲታይ ግርማ እንዲኖረው። ጎብኚው “የጥንት ነው” ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ብዙ ነገር እንዲህ በኋላ የተነካካ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ቤት የሚኖረው ሲነካካ ነው። እንዲህ የለመደ ቤት ግን “እዚህ ቦታ ምንም አይነካም” ለማለት ይቸግረዋል።

አሁን ወደ መቅደላ ልመለስ።

የእንግሊዝ ጦር በሮበርት ናፒየር መሪነት የመጣው ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ነበር። በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። በፋሲካ ማግስት፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ተሰበረ። ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው ነበር።

ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። ግምጃ ቤቱ፣ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት፣ መጽሐፉ፣ ታቦቱ፣ ዘውዱ ተዘረፈ። ጭነቱን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንደተሸከመው ተጽፏል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። አምባው ተቃጠለ። ዛሬ መቅደላ ላይ የሚወጣ ሰው ከሚያገኘው ነገር ትልቁ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። እሱ ስለከበዳቸው ቀረ።

አንድ አምባ ተቃጠለ፤ ሌላው አምባ ከተቃጠለው ላይ ተካፈለ። ይህ አባባል እንዳይመስላችሁ፣ ስም አለው። ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ሥራው ቅርስ መሰብሰብ ነው። ለሙዚየሙ ከገዛው ሌላ፣ ከንጉሡ አልጋ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ይኸው ሰው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1870 ምን ሆኖ ተሾመ? የዊንድሰር ግንብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። እስከ 1906 ድረስ እዚያው ሠራ። ሥዕሉን ደብቆ ይዞ ፎቶው ለሕዝብ የወጣው በ1905 ነው። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ካማሩት ስድስቱ ደግሞ ለንግሥቲቱ ተብለው ዊንድሰር ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ስለዚህ የኛ ጉዳይ ከግንቡ ጋር ያለው ከአንድ መቃብር ይሰፋል።

ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው አሥር ቀን ነበር የቀረው። ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ተወሰደ። እቴጌይቱ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ታመው ነበር። መንገድ ላይ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ዓለማየሁ ብቻውን መርከብ ላይ ወጣ። ሞግዚት ሆኖ የሄደው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ልጁ በጣም ተጠግቶት ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤታቸው አገኙት። ወደዱት። የትምህርቱን ወጪ ጉዳይም ይከታተሉ ነበር። መንግሥት ግን በኋላ ከስፒዲ ለየው። አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ራግቢ በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። አልሆነለትም። ወደ ሊድስ ወደ አንድ አስተማሪ ቤት ተላከ። እዚያ ሳንባውን ታመመ። ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር።

ንግሥቲቱ በዚያ ቀን ማስታወሻቸው ላይ የጻፉት ዛሬም ይነበባል። ብቻውን፣ በሰው አገር፣ አንድም የኔ የሚለው ዘመድ ሳያይ መሞቱ እጅግ እንዳሳዘናቸው ጻፉ። ሕይወቱ ደስታ የሌለበት፣ በችግር የተሞላ እንደነበረም ጨመሩ። ይህን የጻፉት ልጁን ያመጣው ጦር የሳቸው የሆነ ንግሥት ናቸው። ሐዘናቸው ከልብ እንደነበር አልጠራጠርም። ለዚህም ነው ዊንድሰር እንዲቀበር ያደረጉት። በሳቸው ዓይን ትልቁ ክብር ያ ነበር።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ የናስ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በአቅራቢያው እንደተቀበረ ይናገራል። የልደቱና የሞቱ ቀን ተጽፏል። ሰሌዳውን ያኖሩት ንግሥት ቪክቶሪያ መሆናቸው ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፦ “እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና።”

ይህን ቃል ደግማችሁ አንብቡት። ወንጌሉ የሚናገረው በሩን አንኳኩቶ ስለመጣ እንግዳ ነው። ዓለማየሁ አላንኳኳም። ቤቱ ተቃጥሎ፣ አባቱ ሞቶ፣ እናቱን መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የመጣው። እንግዳ ደግሞ ሲመሽበት ያድራል፤ ሲነጋ ግን ወደ ቤቱ ይሸኛል። በኛ አገር እንግዳ መቀበል ከነመሸኘቱ ነው።

ጥያቄው በይፋ የቀረበው በቅርቡ አይደለም። በ2007 የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ጠይቀዋል። የቤተሰቡ ዘሮችም ጠይቀዋል። የ2023ቱ መልስ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ የጸሎት ቤቱ ካህናት የልዑሉን መታሰቢያ ማክበር እንደሚገባ ያውቃሉ፤ የሌሎቹን ሙታን ክብር የመጠበቅ ኃላፊነትም አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ልዑካን ቦታውን እንዲጎበኙ ሲፈቀድ ቆይቷል፤ ወደፊትም ይፈቀዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ታቦቶቻችሁን መልሱ ሲባል “የ1963ቱ ሕግ እጄን አስሮኛል” ይላል። ሕጉ ሙዚየሙ ከስብስቡ ውስጥ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል፤ የተፈቀደለት በጥቂት ሁኔታ ብቻ ነው። ዊንድሰር ግን ይህን ማለት አይችልም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት በየትኛውም ጳጳስ ሥር አይደለም፤ በቀጥታ የሚጠራው ለንጉሡ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከፓርላማም ከሀገረ ስብከትም የወጣ ነው። የሚወስኑት ካህናቱና ባለቤቱ ናቸው። ባለቤቶቹ ከዚህ በፊት የመለሱትም አለ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1965 ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጥተው አስረክበዋል። ዌስትሚንስተር አቢይም እንዲሁ በቀጥታ ለንጉሡ የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ2024 መንበሩ ውስጥ ያለውን የኛን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል።

ታዲያ ከዊንድሰር ምን እንጠይቅ? እኔ ብሆን “አሁኑኑ ቆፍራችሁ ስጡን” ብዬ አልጀምርም። የሌላው ሙት ክብር ይነካል የሚለውን ስጋት እንደ ኢትዮጵያዊ ቀለል አድርጌ አላየውም፤ እኛም ለአጽም ያለን ክብር ትልቅ ነው። የምጠይቀው አስቀድሞ ጥናት እንዲደረግ ነው። የመቃብሩ ዋሻ በባለሙያ ይጠና። ማን የት እንዳለ፣ የልዑሉ ሣጥን የቱ እንደሆነ፣ ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ጥናቱ ላይ የኛ አርኪዮሎጂስቶችና የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ይገኙ። ውጤቱ ለሁለቱም ሕዝብ ይገለጥ። የሚሰምጥ ጉብታ ከሥሩ የደገፉ፣ 115 ክፍል ከአመድ ያነሱ ሰዎች ይህን ለመሥራት አቅም አይቸግራቸውም። ተጠንቶ “በእውነት አይቻልም” ከተባለ ያኔ እንነጋገራለን። ዛሬ በእጃችን ያለው ግን የሚቻል አይመስልም የሚል አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ብቻ ነው።

እኛም የቤት ሥራ አለብን። ይመለስ ስንል የት ነው የሚያርፈው? መቅደላ ነው? ጨለቆት እናቱ ጎን ነው? የአባቱ አጽም በክብር ተቀምጦበታል የሚባለው ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ነው? ወይስ አዲስ አበባ? ይህ ተነጋግረን ተስማምተን የምንጨርሰው የራሳችን ጉዳይ ነው። አንድ የተዘጋጀ ቦታ፣ አንድ የተስማማ ቃል ይዞ የሚጠይቅ አገር ሲጠይቅ ሌላ ድምፅ አለው።

እስከዚያው ዊንድሰር የምትሄዱ ካላችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። እሑድ ጸሎት ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ለሚጸልይ ግን ክፍት ነው። በሌላውም ቀን የማታውን ጸሎት ለመካፈል የሚመጣ ሰው የመግቢያ ሒሳብ አይጠየቅም። የበሩን ጠባቂ ለጸሎት እንደመጣችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ያስገባችኋል። መዘምራኑ ሲጀምሩ ውስጡ ጸጥ ይላል። ጸሎቱ ሲያበቃ ካሉት አገልጋዮች አንዱን “የልዑል ዓለማየሁ ሰሌዳ የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን በደንብ አድርጋችሁ ጥሩላቸው። በናሱ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ “ዓለማየሁ” ብሎ የሚጠራው የቋንቋው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው።

የአባቱ ፀጉር በ2019 ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። በ2023 ደግሞ የልጁ የራሱ ፀጉር ቁራጭ፣ ከስፒዲ ቤተሰብ ዘር እጅ፣ ለንደን ላይ በሥርዓት ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል። የቀረው ግንቡ ውስጥ፣ ከመዘምራኑ ድምፅ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው ያለው።